ማደሪያ ደመወዝ ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ በኪራይ ግቢ ኖረው የሚያውቁ እንደ ሆነ ማታ ሲያመሹ በሩን ይከፍትልዎ የነበረውን ሰው ያስታውሱታል። ስሙን ምናልባት አያውቁትም፤ ደመወዙንማ ከቶ እንዴት ያውቁታል! እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ተከራይቼ ስኖር በሩን የሚከፍቱልን ሰው በወር ምን ያህል እንደሚያገኙ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የጠየቅሁት ባለፈው መስከረም ነው፤ ያውም ተቆርቁሬ ሳይሆን የሥራ ውላቸውን እንድጽፍ ስለ ታዘዝሁ ነው።

ግቢያችን በጎንደር ከተማ በማራኪ በኩል ነው። ከፊት አንድ ቪላ፥ ከኋላው ደግሞ ዙሪያውን የተደረደሩ 11 ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ባለ ቤቷ የሚኖሩት ውጭ አገር ነው። ቪላውን አንድ ቤተሰብ ተከራይቶታል፤ በሰርቪሶቹ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ ሁለት ነርሶች፥ አንድ የክፍለ ከተማ ጸሐፊና እኔ እንኖራለን። ከበሩ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የሚያድሩት ጠባቂያችን ናቸው። ከወገራ የመጡ፥ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ሰው ናቸው፤ እኛ ተከራዮቹ «አያ» እያልን እንጠራቸዋለን።

«ጠባቂ» የሚለው ስም ግን ሥራቸውን አይገልጠውም። በሰፈራችን ውሃ የሚለቀቀው በተራ ነው፤ ተራው ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አያ ተነሥተው የሁላችንንም በርሜልና ጀሪካን ይሞላሉ፤ እኛ ጧት ተነሥተን እንታጠባለን። የመብራት ቆጣሪው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሒሳቡን ለየክፍሉ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ምድጃ ያለውና የሌለው ተከራይ እኩል ይክፈል አይክፈል በሚል በየወሩ የሚነሣውን ጠብ የሚያበርዱትም እሳቸው ናቸው። ክረምት ሲገባ አሸንዳውን ይጠርጋሉ። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ያስመጣሉ። ክፍል ሲለቀቅ ለአዲስ ሰው ያሳያሉ፤ ጠባዩንም ገምተው ለባለ ቤቷ በስልክ ይነግራሉ። (እኔን ሲያስገቡ ምን ብለው እንደ ነገሩልኝ እስከ ዛሬ ሊነግሩኝ አልፈቀዱም።)

ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚቆረጥላቸው ደመወዝ በወር 2,000 ብር ነበረ። ከዚህ ሌላ ኪራዩን ከየክፍሉ ሰብስበው ባንክ ስለሚያስገቡ ከእያንዳንዱ ተከራይ 100 ብር እንዲያስቀሩ ባለ ቤቷ ፈቅደውላቸው ነበር፤ ቪላው ተጨምሮ ተከራዩ 12 ነውና 1,200 ብር ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ባለ ቤቷም ይህን ሰምተው «ከእንግዲህ ሁላችሁም በስልካችሁ በቀጥታ ለእኔ ላኩ» አሉ። እኛም ደስ አለን። ያ የስልክ መልእክት ከአንድ ሰው ኪስ 1,200 ብር ይዞ እንደ ሄደ የተረዳ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

አያ ስድስት ወር ታገሡ። በኋላ «የጎደለው ይሟላልኝ» ብለው ጠየቁ። ባለ ቤቷም «የምታድርበት ክፍል ለሌላ ቢከራይ 3,000 ብር ያወጣ አይደለምን? እሱ ደመወዝ አይደለምን?» ብለው መለሱ። ቀጥሎም ለእኔ ደወሉ። «መምህር፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ ነገሩን በወረቀት አስይዝልን» አሉኝ።

አስያዝሁት። አንድ ገጽ ተኩል የሆነ፥ ፊደሉ ያማረ ውል ጻፍሁ። በሦስተኛው ተራ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «ደመወዝ፦ በጥሬ ገንዘብ 2,000 ብር፤ ማደሪያ ክፍል፥ ግምቱ 3,000 ብር፤ ድምር 5,000 ብር።» ድምሩን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ያሳደግኋቸው ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር እኮ!

ማታ ከክፍላቸው ደጃፍ ተቀምጠን አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ሲሆኑ ሁልጊዜ አንቱ ይሉኛል፤ ይህም ያሳፍረኛል። «መምህር፥ ያቺን ሦስተኛዋን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አሉ። ደገምሁላቸው። «ታዲያ ልጄ ደብተር ግዛልኝ ሲለኝ ከግድግዳው ቆርሼ ልስጠው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እሳቸውም ቀጠሉ፤ «ደግሞስ እኔ ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ባድር ሌሊት ውሃውን ማን ይቀዳዋል? በሩንስ ማን ይከፍተዋል? ይህች ክፍል የተሰጠችኝ ለእኔ ተብሎ ነው ወይስ ለበሩ?»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

አንባቢ ሆይ፤ «ማደሪያ» የሚለውን ቃል ልብ ብለው ይመልከቱት። ዛሬ የምናውቀው የሚታደርበት ቤት ተብሎ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ግን ለወታደርና ለመንግሥት ሹም በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር፤ ይህም በይበልጥ በደቡቡ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነው። ሹመቱ ሲቀር ማደሪያውም ይቀራል። በእኛ በኩል ደግሞ ጉልት ነበር፤ ባለ ጉልቱ ከገበሬው የሚገባለት ግብር ደመወዙ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ባለ ጉልቱ በከተማ ሲቀመጥ በአገሩ ላይ ምስለኔ ይሾማል። የስሙ ትርጉም ራሱ «እኔን መሳይ» ማለት ነው፤ ጌታው በሌለበት በጌታው ፈንታ የሚያዝዝ፥ የሚሰበስብ፥ የሚጠየቅም እርሱ ነው። የእኛ አያም ምስለኔ ናቸው፤ የሚያስተዳድሩት 12 በር ነው፤ ግብሩ በባንክ መግባት ሲጀምር የቀረላቸው ማደሪያው ብቻ ነው።

ቤትን በሌላ ሰው እጅ ማስተዳደር በከተማችንም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ብዙ ቤት ያለው ሰው ኪራዩን የሚሰበስብለት ወኪል ነበረው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ከዚያ በኋላ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እንዲያስተዳድሩት ተደረገ። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ማን እንደሚጠግነው ጠይቆ የሚያውቅ ሰው «አስተዳዳሪ አለ» ማለትና በግቢው ውስጥ የሚያድር ሰው አለ ማለት ልዩ ልዩ መሆናቸውን አይስተውም።

በማግሥቱ ሕግ የሚያውቅ ወዳጄን ፈልጌ ሄድሁ። ወረቀቱን አየና ሣቀ። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አውጥቶ አንቀጽ 55ን አሳየኝ። ደመወዝ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ከፊሉ በዓይነት ሊከፈል ይችላል፤ ነገር ግን በዓይነት የሚከፈለው ግምቱ ከአካባቢው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ ያን ያማረ ድምሬን በዚህ ይለኩት። ጥሬ ገንዘቡ 2,000 ብር ከሆነ ክፍሉ ሊቆጠር የሚችለው ቢበዛ 600 ብር ተብሎ ነው፤ ድምሩም 5,000 ሳይሆን 2,600 ብር ነው። ክፍሉን እንደ ምንም ብለን 3,000 ብር ብለን እንቁጠረው ካልንም ጥሬው ገንዘብ ቢያንስ 10,000 ብር መሆን ይኖርበታል። ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ድምር!

እዚህ ላይ ክርክር እንዳለ አልደብቅዎትም። አዋጁ ትርፍ ለማግኘት ያልሆነን የግል አገልግሎት አይመለከትም። ቤተሰብ ራሱ የሚኖርበትን ቤት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ሳቢያ ከአዋጁ ውጭ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን 12 ተከራይ ያለበት ግቢ ለኪራይ ገቢ ሲባል የቆመ ነውና «ትርፍ የለበትም» ማለት ለእኔ አይታየኝም። ወዳጄም እንደዚሁ ያስባል፤ ዳኛ ግን አይደለም፥ እኔም አይደለሁም። ሕጉ አይመለከተውም ቢባል እንኳ 30 በመቶው ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሰው ከግድግዳ ቆርሶ እንዳይበላ የተሰላ ነውና።

ከደመወዙ ይልቅ ያስጨነቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 ነው። አያ በር የሚጠብቁት ከማታው 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የቀኑን መጥረግና መላላክ ትተን ሌሊቱን ብቻ ብንቆጥር በሳምንት 84 ሰዓት ይሆናል። ከ48ቱ በላይ 36 ሰዓት ተርፏል። ሕጉ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ለሚሠራው ትርፍ ሰዓትም ክፍያው የመደበኛው አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ነው። «ታዲያ እኮ ይተኛሉ!» ይሉኝ ይሆናል። አዎን፥ ይተኛሉ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ። ሌሊት አምስት ጊዜ ሊቀሰቀስ የሚችል ሰው እንቅልፍ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼን በክፍል ውስጥ ጠይቄያቸው ግማሹ «የአሠሪው»፥ ግማሹ «የራሱ» ብለው እስኪደወል ድረስ ተከራከሩ። በግቢ ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች አብዛኛዎቹ «የራሱ» ካሉት ወገን ነበሩ፤ ለምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። በአሜሪካ አገር «ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚሉት ዐይነት መኖሪያ አለ፤ በፋብሪካ ተሠርቶ በመኪና ተጎትቶ የሚመጣ ቤት ነው። ብዙ ሰዎች ቤቱን በራሳቸው ገንዘብ ይገዙና መሬቱን ግን ከባለ ቦታ ተከራይተው በአንድ ሰፈር ተደርድረው ይኖራሉ። ስሙ ተንቀሳቃሽ ይባል እንጂ አንዴ ከተተከለ በኋላ መንቀሉ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በአብዛኛው ከቦታው አይነቃነቅም። በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለው ሰፈር 50 ወይም ከዚያ በላይ ቦታ ያለው ከሆነ ኀላፊው ወይም የእርሱ ተወካይ እዚያው ውስጥ መኖር አለበት። የመኖሪያው ግምት ከዝቅተኛው ደመወዝ ጋር ሊታሰብ የሚችለውም ሠራተኛው አስቀድሞ በፈቃዱ በጽሑፍ ሲስማማና በተወሰነ ልክ ብቻ ነው። እንግዲህ በሀብታም አገርም «ቤት ሰጥቼህ የለምን?» የሚል ባለ ቤት ስላለ ነው ሕግ አውጪው ልክ ያበጀለት።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሁለተኛውን ውል ለመጻፍ ስቀመጥ በቅድሚያ የለየሁት ሁለት ነገር ነው፤ አያ በር ጠባቂ ናቸው፥ ደግሞም ወኪል ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና ሲናገር በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስችላል ይላል፤ ንብረቱን መጠበቅ፥ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፥ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል በዚህ ውስጥ ናቸው። መሸጥና ማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ከዚሁ ጋር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የወኪሉ ዋጋ በውሉ ካልተነገረ ሥራው ሙያው ወይም ማስከፈሉ ልማድ ካልሆነ በቀር ወኪሉ ዋጋ አይገባውም። በጎንደር ስንት የእኅት ልጅ፥ ስንት የአጎት ልጅ ነው በውጭ አገር ያለ ዘመዱን ቤት «እስቲ አንድ ጊዜ እያት» ተብሎ ዐሥር ዓመት የሚያያት! ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዎቼ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ የዘመድ ቤት ቁልፍ በየኪሳቸው አለና።

ስለ አከፋፈሉም ብዙ አሰብሁ። አንዳንድ ባለ ቤት ጠባቂውን አዲስ ተከራይ ባመጣ ቁጥር ይከፍለዋል። ይህ እንደ ደላላ ማድረግ ነው፤ ክፍሎቹ በየጊዜው ቢለቀቁለት ይጠቅመዋልና የነባሩን ተከራይ የተሰበረ መስኮት ለመጠገን አይቸኩልም። ከኪራዩ በመቶ ይታሰብለት የሚሉም አሉ፤ ያ ደግሞ ጠባቂውን የኪራይ ማስጨመሪያ ያደርገዋል። እኔ የምደግፈው ቁርጥ ደመወዝን ነው። ለጥገና ደግሞ ለብቻው ትንሽ ገንዘብ በእጁ ይቀመጥ፤ አምፖል፥ ጓንጉል፥ የቧንቧ ጎማ የመሳሰለውን ውጭ አገር ሳይደውል ይግዛበት፥ ደረሰኙንም በደብተር ይያዝ።

ባለ ቤቷን በስልክ ለማስረዳት ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ግቢ የሠሩት በሰው አገር ሌሊት እየሠሩ ነው፤ «እኔ ማን ማደሪያ ሰጠኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልሁ። በመጨረሻ የተስማሙት የግድግዳውን ነገር እንደ አያ አነጋገር ሲሰሙት ነው። መጀመሪያ ሣቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ስንት ይበቃዋል?» አሉ።

ውሉ እንዲህ ሆነ። ደመወዙ በጥሬ ገንዘብ 5,000 ብር፤ ክፍሉ ለሥራው የተሰጠ ስለ ሆነ በደመወዝ አይታሰብም። እሑድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የራሳቸው ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሩ ይቆለፋል፤ ለእያንዳንዱ ተከራይ ቁልፍ ተቀርጾለታል፥ የሚያመሽ ራሱ ይክፈት። ውሃውን በሚመለከት ትርፍ ሰዓት እየከፈሉ ሰው ከማስነሣት ሮቶ መግዛት እንደሚረክስ ለባለ ቤቷ አስልቼ አሳየኋቸው፤ ተገዛ፤ ውሃው ሲመጣ በራሱ ይሞላል፥ ሲሞላም በራሱ ይዘጋል ተብሎ። የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን፤ በዚህ ላይ ለቆዩበት ዘመን ሕጉ የሚጨምርላቸው አለ።

የመጨረሻው ተራ ስለ ስንብት ነው። አያ ስድስት ዓመት ስለ ሠሩ በአዋጁ መሠረት የሚገባቸው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወር ነው። እሳቸው ግን ስለ ገንዘቡ አልጠየቁኝም፤ «በቃህ የተባልሁ ቀን የት አድራለሁ?» ነው ያሉት። ማደሪያው ከሥራው ጋር የተሰፋ ሰው ሥራውንና ጣራውን በአንድ ቀን ያጣልና። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ካለቀ በኋላ አንድ ወር በክፍሏ እንዲቆዩ ጻፍን። ባለ ቤቷ በዚህ አልተከራከሩም። አያ ተያዥ ይዘው ቀረቡ፤ ጣታቸውን ሳይሆን ፊርማቸውን አኖሩ፤ ለካ መጻፍ ያውቁ ኖሯል፥ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

ኅዳር ላይ ለገብስ አጨዳ ዕረፍታቸውን ወስደው ወደ ወገራ ሄዱ። በውሉ ያልጻፍሁት አንድ ነገር የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው፤ እሳቸው በሌሉበት ማን ይተካቸዋል የሚለውን ጨርሶ ረስቼው ነበር። ተከራዮች ተሰብስበን ተራ አወጣን፤ ለእኔ ማክሰኞና ዓርብ ደረሱኝ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንዱ ተማሪ ቁልፉን ረስቶ አንኳኳ። 8 ሰዓት ላይ የሮቶው መዝጊያ እንቢ ብሎ ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው። 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ነርሷ ለተረኝነት ስትወጣ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ በሩን አበራሁላት። ጧት በ2 ሰዓት የማስተምረው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ስጽፍ ረቡዕ በማለት ፈንታ ማክሰኞ ብዬ ጻፍሁ፥ ተማሪዎቹም ሣቁብኝ።

አያ በዕረፍታቸው ማብቂያ በፌስታል ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። እኔም ደብተሩን አስረከብኋቸው። ገልጠው አዩና «መምህር፥ የመዝጊያውን ነገር ጽፈውታል፤ ስንት ሰዓት እንደ ነቁ ግን አልጻፉም» አሉኝ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው በጎኑ «8 ሰዓት» ብለው ጻፉበት።